«የቴምብር ንግዴ አላድግ አለኝ»

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከሜሪላንድ ነው። ረዘም ስለሚል ቆረጥ ቆረጥ አድርጌዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ሆስፒታል ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። አባቴ ሲያርፉ ሦስት አልበም ሙሉ የኢትዮጵያ ቴምብር ትተውልኝ ሄዱ። ከሁለትና ከሦስት በላይ የነበራቸውን እያወጣሁ ኢቤይ ላይ መሸጥ ጀመርኩ። ሁለት ዓመት ሆነኝ። በወር አሥራ አምስት፣ ሃያ ዕቃ ይሸጥልኛል፤ አብዛኛው ግን የሁለትና የሦስት ዶላር ነው። ከዚያ ወዲያ አላድግ አለኝ።

አሁን አንድ ጡረታ የሚወጣ ነጋዴ ጋራዡ ውስጥ ያለውን የዓለም ቴምብር በሙሉ በ4,000 ዶላር ውሰደው ብሎኛል። ልግዛው? አክስቴ ደግሞ አዲስ አበባ አሉ። አሮጌ ደብዳቤና ቴምብር ልሰብስብልህ ይሉኛል። ባለቤቴ ‹ቤቱ በወረቀት ተሞላ፣ ገንዘቡ የታለ?› ትላለች። ሥራዬን ለቅቄ በዚህ ብቻ መኖር እችል ይሆን?

አንድ የገረመኝ ነገር ልንገርዎት። ባለፈው አንድ አሮጌ ፖስታ ከነቴምብሩ በ6 ዶላር ለጠፍኩ። አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላው ተሸጠ። ዕድል ነው መሰለኝ። የፊትና የጀርባውን ፎቶ ልኬልዎታለሁ። የአባቱ ልጅ ነኝ።»

ወንድሜ፣ አባትህን ነፍስ ይማር።

ጋራዡን አትግዛው። ይህን ቶሎ ልጨርሰውና ወደ ዋናው ጉዳይ ልሂድ። ዋናው ጉዳይ የላክልኝ ፎቶ ውስጥ ነው ያለው።

ሰውየው ሊያታልልህ ነው አላልኩም። ግን ዕድሜውን ሲነግድ የኖረ ሰው ጥሩ ጥሩውን ለይቶ ሸጧል። ጋራዥ ውስጥ የቀረው የሃያኛው ክፍለ ዘመን ተራ ቴምብር ነው። በሚሊዮን የታተመ፣ ማንም ያለው። የቴምብሮችን ቁጥርና ዋጋ የሚዘረዝረውን ስኮት ካታሎግን ገልጠህ ብታይ የዚህ ዓይነቱ ቴምብር ገጽ ሙሉ 25 ሳንቲም፣ 25 ሳንቲም ይላል። ያ የቴምብሩ ዋጋ እንዳይመስልህ። ነጋዴው ሳጥን ከፍቶ፣ ፈልጎ፣ አውጥቶ ለመስጠት የሚደክምበት ነው። ቴምብሩማ ለብቻው ምንም አያወጣ።

የሁለት ዶላሩን ሽያጭህን ራሱን እስቲ ቁጭ ብለህ አስላው። ኢቤይ ከአሥር በመቶ በላይ ይቆርጣል። የሚቆርጠውም ከቴምብሩ ዋጋ ላይ ብቻ አይደለም፤ ገዢው ለመላኪያ ከከፈለውና ከታክሱም ጭምር ነው። በየትዕዛዙ ደግሞ ቋሚ ሳንቲም አለ። ፖስታ አለ፣ ካርቶን አለ፣ ላስቲክ አለ። ከዚያ መለየት፣ ስካን ማድረግ፣ መግለጫ መጻፍ፣ ማሸግ። ይህ ሁሉ ሩብ ሰዓት ቢፈጅብህ፣ ሩብ ሰዓትህ በሜሪላንድ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ እንኳ 3.75 ዶላር ያወጣል። ስለዚህ ሁለት ዶላር በሸጥክ ቁጥር ለገዢው ከኪስህ እየመረቅክለት ነው። አላድግ ያለህ ለዚህ ነው። ጋራዡን ብትገዛ ይህንኑ ኪሳራ በአሥር ሺህ ቴምብር ታበዛዋለህ።

ከሰውየው ጋር መነጋገር ካማረህ አንድ ነገር ጠይቀው። የኢትዮጵያ፣ የጅቡቲ፣ የኤርትራና የጣሊያን ቅኝ ግዛቶች ሳጥን ካለህ ለብቻው ዋጋ ንገረኝ በለው። እምቢ ካለ አመስግነህ ውጣ።

አሁን ወደ ፎቶው።

አጉልቼ አየሁት። ሁለት የወፍ ቴምብር የተለጠፈበት፣ ወደ ኦሃዮ የተላከ የአየር ደብዳቤ ነው። የፖስታ ቤቱ ማህተም ግማሹ አልያዘም። ቀለሙ የሳሳው በላቲን ፊደል የተጻፈበት በኩል ነው። ከላይ ያለው አማርኛ ግን ይነበባል። «ጎሬ» ይላል። ጎሬ! የኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ የነበረችው። በ1936 ንጉሡ ሲሰደዱ ራስ እምሩ ይዘው የቆዩት ያችው ጎሬ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ካልተናገርኩ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አንተ ምን ብለህ ለጠፍከው? «አሮጌ የኢትዮጵያ ፖስታ፣ በጣም ብርቅ»። በጣም ብርቅ የሚለውን ኢቤይ ላይ የማይጽፍ የለም። ሰብሳቢ አንብቦት አያውቅም፤ ዓይኑ ይዘለዋል። ያኛው ሰውዬ ግን ፎቶውን ከፍቶ ማህተሙን አነበበ። ዕድል አይደለም ወንድሜ። ገዢህ የምትሸጠውን ነገር ከአንተ በተሻለ ያውቀዋል፣ በቃ። ለዚሁ ብሎ ፊደል የቆጠረ ፈረንጅ አለ። አንተ ከልጅነትህ የቆጠርከውን ሳትጠቀምበት በ6 ዶላር አስረከብከው።

ቴምብር የሚሰበስቡ ሰዎች ሁለት ወገን ናቸው ብትል ብዙም አትሳሳትም። አንደኛው ቴምብሩን ነው የሚፈልገው። ንጹሕ፣ ሙጫው ያልተነካ፣ የጠርዙ ጥርስ ያልጎደለ። እዚህ ገበያ ውስጥ ከአንተ የሚበልጡ ነጋዴዎች ሞልተዋል፤ በዋጋ አትችላቸውም። ሁለተኛው የፖስታውን ጉዞ ነው የሚፈልገው። ከየት ተላከ፣ በየት አለፈ፣ ስንት ተከፈለበት፣ ማን መታበት። ለዚህኛው ሰው ቴምብሩ ተራ ሊሆን ይችላል። የሚገዛው የጎሬን፣ የነገሌን፣ የጋምቤላን ማህተም ነው። በትንሽ ፖስታ ቤት፣ ጥቂት ሰው በሚጽፍበት ዘመን የተመታ ማህተም ድጋሚ አይታተምም። የአንተ ገበያ ይህ ነው። አብዛኛው የኢቤይ ነጋዴ አማርኛ አያነብም፤ አንተ ታነባለህ። ካፒታልህ እሱ ነው።

ቀኑንም ተመልከት። በላክልኝ የጀርባው ፎቶ ላይ ላኪው በእጁ «ጥር 12 ቀን 1958» ብሎ ጽፏል። ላኪው ለቀድሞ መምህሩ የሚጽፍ ተማሪ ይመስላል። የእኛን አቆጣጠር የማያውቅ ነጋዴ «የ1958 ፖስታ» ብሎ ይለጥፈዋል። የወፎቹ ቴምብሮች ግን መውጣት የጀመሩት በ1962 ነው። ቴምብሩ ሳይታተም የተላከ ደብዳቤ ሊሆን ነው! ሰብሳቢው ይህን ሲያይ ወይ ይስቃል፣ ወይ ተጠራጥሮ ያልፈዋል። አንተ ግን ጥር 12 ቀን 1958 ማለት ጃንዋሪ 20 ቀን 1966 መሆኑን በደቂቃ ታወጣዋለህ።

ስለዚህ መግለጫው በእንግሊዝኛ እንዲህ መሆን ነበረበት፦ «ኢትዮጵያ 1966፣ የአየር ደብዳቤ ከጎሬ ወደ ኦሃዮ፣ ሁለት የወፍ ቴምብር»። የኢቤይ ርዕስ 80 ፊደል ብቻ ነው የሚፈቅደው፤ አንዷንም «ዋው» እና «ብርቅ» ላይ አታጥፋ። የከተማ ስም፣ ዓመት፣ የስኮት ቁጥር፣ የት እንደተላከ። ከውስጥ ደግሞ ሦስት አራት መስመር ጻፍ። የማህተሙ የላቲን ክፍል አልያዘም፣ አማርኛው ጎሬ ይላል፣ ጎሬ እዚህ ቦታ ናት፣ ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይህ ነው፣ በፈረንጅ ይህ ነው። ጀርባውንም ስካን አድርግ፤ ፖስታው ያለፈበት ከተማ ማህተም ብዙ ጊዜ ጀርባው ላይ ነው ያለው። በስልክ ፎቶ አትሞክረው። ተራ ስካነር ግዛ፣ የምስሉን ጥራት 600 ዲፒአይ ላይ አድርገው፣ ከሥሩ ጥቁር ወረቀት አንጥፍ፤ ያኔ ጥርሱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ስንት ያወጣ ነበር ትለኝ ይሆናል። እኔም አልተምንልህም፤ እሱን ጨረታው ነበር የሚነግርህ። ዋጋውን ለማታውቀው ነገር ቁርጥ ዋጋ አትለጥፍ። መጀመሪያ ኢቤይ ላይ የተሸጡትን ብቻ መርጠህ ፈልግ፤ ሰው ጠይቆ ያልተሸጠለትን ዋጋ አትይ፣ ያ ምኞት ነው። ተመሳሳይ ካላገኘህ ለጨረታ አውጣው። ሁለት የሚፈልጉት ሰዎች ካሉ ዋጋው ራሱ ይወጣል።

ለዚያ ለጎሬው ገዢ ደግሞ መልእክት ላክለት። «የኢሉባቦርና የከፋ ጠቅላይ ግዛት ፖስታ ሳገኝ ላሳውቅዎት?» በለው። የሚፈልገውን ዝርዝር ከላከልህ እንደ ወርቅ ያዘው። ከኢቤይ ውጭ እንገበያይ ግን አትበለው፤ ደንቡ ይከለክላል፣ አካውንትህን ይዘጉብሃል። እንዲህ ያሉ ጥቂት ደንበኞች ከያዝክ፣ ከሁለት መቶ የሁለት ዶላር ገዢ ይበልጡብሃል።

«እንዲህ ያለ ፖስታ ከየት አገኛለሁ?» ብትለኝ፣ መጀመሪያ አክስትህን እንዳታስብ። አሜሪካ ውስጥ ነው ያለው። እስቲ አስበው፤ የተላከ ደብዳቤ የሚገኘው ተቀባዩ ቤት ነው። ፒስ ኮር የሚባለው የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች ድርጅት ኢትዮጵያ የገባው በ1962 ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ስንት ወጣት አሜሪካዊ በየጠቅላይ ግዛቱ እያስተማረ ለእናቱ ደብዳቤ ጽፏል! አስመራ፣ ቃኘው ጣቢያ በሚባለው የአሜሪካ ጦር ሰፈር የነበሩ ወታደሮች አሉ። ሚሲዮናውያን አሉ። እናቶች ደግሞ ደብዳቤ አይጥሉም። ያ ሁሉ ዛሬ ኦሃዮ፣ ሚኔሶታ፣ ፔንሲልቫኒያ ጣሪያ ሥር በጫማ ካርቶን ተቀምጧል። ጸሐፊዎቹ አርጅተዋል፣ ቤቱ እየተሸጠ ነው፣ ልጆቹ ካርቶኑን ምን እንደሚያደርጉት ግራ ገብቷቸዋል።

የእሁድ የቤት ዕቃ ሽያጮችን ተከታተል። የቀድሞ በጎ ፈቃደኞች ማኅበራት ውስጥ ሰው ተዋወቅ፤ ኢትዮጵያን የሚወዱ ሰዎች ናቸው፣ አማርኛ ስትናገራቸው ደስ ይላቸዋል። በአካባቢህ የቴምብር ዐውደ ርዕይ ሲኖር አትቅር፤ ዋሽንግተን አካባቢ በየዓመቱ ናፔክስ የሚባል አለ። እዚያ ስትሄድ የኢትዮጵያ አልበም አለ ወይ ብለህ አትጠይቅ። «የአፍሪካ ፖስታ» የሚል ሳጥን ፈልግና ቁጭ ብለህ አንድ በአንድ ገልብጥ። ነጋዴው ማንበብ ያልቻለውን ማህተም «ልዩ ልዩ» ብሎ በጅምላ ዋጋ ይጥለዋል።

ጥንታዊው ዘመን ላይ ዕድል ከቀናህም ዓይንህን ክፈት። ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1908 ነው። ከዚያ በፊት የኢትዮጵያ ቴምብር ብቻውን ደብዳቤውን ውጭ አገር አያደርሰውም ነበር። በጅቡቲ በኩል ሲወጣ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ቴምብር ይጨመርበታል። ስለዚህ የምኒልክና የጅቡቲ ቴምብር ጎን ለጎን የተለጠፈበት ፖስታ ካየህ እጅህ እንዳይንቀጠቀጥ። በእርጋታ ዋጋ ጠይቅ። እንዲህ ያለውን ለመሸጥ ኢቤይ ብቻ አይበቃህም። ዴልካምፕ የሚባል የቤልጂየም ገበያ አለ፤ ፈረንሳዮቹና ጣሊያኖቹ እዚያ ናቸው። የ1936ቱን ወረራ ዘመን ፖስታ እንደ ጣሊያን ሰብሳቢ የሚያሳድደው የለም።

ሰው ቤት ገብተህ ካርቶን ስትገዛ ግን ጨዋ ሁን። ደብዳቤው ከውስጥ ካለ መጀመሪያ ለባለቤቶቹ «ደብዳቤውን ታስቀሩታላችሁ?» በላቸው። ፖስታው ለብቻው ይሸጣል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፤ የእናቱን ደብዳቤ አብሮ መስጠት ያለበት ይመስለዋል። አብሮ ከመጣ ደግሞ አንብበው። የታሰረ፣ የታመመ፣ የተጣላ ሰው ነገር ካለበት ኢንተርኔት ላይ እንዳትለጥፈው። በ1966 ተማሪ የነበረው ልጅ ዛሬ በሕይወት ያለ አዛውንት ሊሆን ይችላል። ልጆቹም አጠገብህ ሲልቨር ስፕሪንግ ሊኖሩ ይችላሉ፣ ማን ያውቃል።

አክስትህን በተመለከተ ሁለት ነገር ንገራቸው። አንደኛ፣ በምንም ዓይነት ቴምብሩን ከፖስታው ላይ እንዳይልጡት። ውኃ ውስጥ ነክረው አድርቀው፣ አጽድተው ሊልኩልህ ይፈልጋሉ፣ አውቃቸዋለሁ እንዲህ ያሉ አክስቶችን። አንድ የጎሬ ፖስታ ገብቶ ሁለት የ25 ሳንቲም ቴምብር ሆኖ ይወጣል! በመቀስም አይቁረጡት። እንዳለ፣ ሳይታጠፍ፣ ካርቶን መሐል ያስቀምጡት።

ሁለተኛው ጠንከር ያለ ነው። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው)፤ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። በሃምሳዎቹ የታተመ ተራ ቴምብር ቅርስ ነው አልልህም። የምኒልክ ዘመን ደብዳቤ፣ የመኳንንት ማህተም ያረፈበት ወረቀት፣ የመሥሪያ ቤት ሰነድ ግን ሌላ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ነገር እጃቸው ከገባ ከመላካቸው በፊት ቅርስ ባለሥልጣን ሄደው ይጠይቁ። በሻንጣ ደብቆ ማምጣት የሚባል ጨዋታ ውስጥ እንዳትገባ፣ እሳቸውንም እንዳታስገባቸው።

እሳቸው ከልባቸው ሊረዱህ ከፈለጉ ቸርችል ጎዳና ያለው ዋናው ፖስታ ቤት ይሂዱ። ለሰብሳቢዎች አዳዲስ ቴምብር የሚሸጥበት መስኮት አለ። አዲስ የወጣውን በፊቱ ላይ በተጻፈው ዋጋ ይገዙልሃል። እግረ መንገዳቸውን አጠገቡ ያለውን የፖስታ ሙዚየም ቢያዩትም አይጸጸቱም። አዲስ የኢትዮጵያ ቴምብር እዚህ አሜሪካ በቀላሉ አይገኝም፤ ወፍ፣ አበባ፣ ባቡር፣ ቡና የሚሰበስቡ ሰዎች ይፈልጉታል። ወደ አንተ ሲልኩም በአደራ ደብዳቤ፣ ቆንጆ ቆንጆውን ለጥፈው ይላኩ። ሰው ደብዳቤ መጻፍ ትቷል፤ በእውነት ተመትቶ የመጣ የዛሬ ፖስታ ራሱ የሚፈለግ ዕቃ ነው።

ስለ ማጭበርበር አጠር አድርጌ ልንገርህ፣ ምክንያቱም ስትገዛ ይገጥምሃል። በ1894 ፓሪስ የታተሙት የመጀመሪያዎቹ ሰባት የምኒልክ ቴምብሮች ብርቅ አይደሉም። በብዛት ነው የታተሙት፣ ብዙውም ሳይለጠፍ ቀርቷል። የፖስታ ማህተም ያልተመታበትን በጥቂት ዶላር ታገኘዋለህ። ዋጋ ያለው በእውነት ተልኮ የተመታው ነው። ከ1901 ጀምሮ ደግሞ እነዚሁ ቴምብሮች ላይ በእጅ ማህተም «ኢትዮፒ»፣ ቀጥሎ «ቦስታ»፣ ቀጥሎም «መልክት» እየተባለ ተመትቶባቸዋል። ርካሹን ቴምብር ገዝቶ ማህተሙን ቤቱ ቀርጾ የሚመታ ሰው ከድሮም አለ። ስለዚህ የምስክር ወረቀት የሌለው «ቦስታ» በውድ አትግዛ። ኒው ዮርክ የፊላቴሊክ ፋውንዴሽን፣ ፔንሲልቫኒያ ቤልፎንት ደግሞ የአሜሪካ ፊላቴሊክ ማኅበር አለ፤ ሁለቱም እየመረመሩ ምስክር ይሰጣሉ። ክፍያ አለው፣ ለውድ ዕቃ ያዋጣል። የ1919ኙን የእንስሳት ስብስብ፣ ቀጭኔና ሰጎን ያለበትን፣ ስታይ ጀርባውን ገልብጥ። የመጀመሪያው ኅትመት ሙጫ ነጭና ለስላሳ ነው። በኋላ ደግመው ያተሙት ሙጫው ቡናማ ሆኖ የተሰነጣጠቀ ነው፤ ያ የሳንቲም ዕቃ ነው። የአባትህ አልበም ውስጥም ይህኛው ሊኖር ይችላል። ሳታይ «ኦሪጅናል» ብለህ እንዳትሸጥ፤ በዚህ ንግድ አንዴ ስምህ ከጠፋ ሁሉም ይሰማል፣ ሰፈሩ ትንሽ ነው።

መላኪያ ላይ አንድ የነጋዴዎች ዘዴ አለ። የአሜሪካ ቴምብር አያረጅም፤ ከ1860ዎቹ ጀምሮ የወጣው ሳይመታበት እስከቆየ ድረስ ዛሬም ይሠራል። አሮጌ ሰብሳቢዎች ያከማቹትን ያልተመታ ቴምብር ፊቱ ላይ ከተጻፈው ዋጋ በታች በጅምላ ይሸጡታል። ያንን ገዝተህ ለጥፍበት። ወጪህ ይቀንሳል፤ ገዢህም አምስት የሚያምር አሮጌ ቴምብር የተደረደረበት ፖስታ ሲደርሰው ደስ ይለዋል፣ ሰብሳቢ አይደል። ብቻ በግማሽ ዋጋ የሚሸጥ አዲስ «ፎሬቨር» የሚባለውን፣ ዋጋ ያልተጻፈበትን የአሜሪካ ቴምብር ኢንተርኔት ላይ ካየህ ሽሽ፤ ብዙው ሐሰተኛ ነው። ከ20 ዶላር በታች ለሆነና አገር ውስጥ ለሚቀር ቴምብር ደግሞ ኢቤይ ራሱ ርካሽ፣ ክትትል ያለው የፖስታ አገልግሎት አለው። «አልደረሰኝም» የሚል ገዢ ሲመጣ ያድንሃል።

ዕቃህን ምድር ቤት አታስቀምጥ። የሜሪላንድን በጋ ታውቀዋለህ፣ ወበቁ ሙጫውን ያቀልጠዋል፣ ወረቀቱ ላይም ዝገት የመሰለ ነጥብ ያወጣበታል። አልበሙ ይቁም፣ አይተኛ። የምታስገባበት ላስቲክ ፒቪሲ የሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት የሌለበት ይሁን። በጣትህ አትንካ፣ በወረንጦ ያዝ፤ የቅንድቡ ወረንጦ ጫፉ ስለታም ስለሆነ አይሆንም፣ ጫፉ ዝርግ የሆነ የቴምብር ወረንጦ ይሸጣል።

ስለ ሐበሻው ገበያ አልጠየቅከኝም፣ ግን መምጣትህ አይቀርም። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ሙሉ የእኛ ሰው እያለ ለምን ለፈረንጅ ብቻ እሸጣለሁ ትላለህ። የእኛ ሰው ሰብሳቢ አይደለም፣ በአብዛኛው። የጎሬን ማህተም ብታሳየው «አጎቴ እዚያ ነበሩ» ብሎ ያወራሃል፣ ሻይ ይጋብዝሃል፣ አይገዛም። ስጦታ ግን ይገዛል። ለዚህ የሚሆንህ ያ ሁለት ዶላር የማያወጣው ተራ ቴምብር ነው። የንጉሡን ዘመን ቴምብር ስድስት ሰባቱን አስማምተህ ጥሩ ፍሬም ውስጥ አስገባው። ከሥሩ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የየትኛው ዓመት እንደሆነ ጻፍ። ለምርቃት፣ ለእንቁጣጣሽ፣ ለአዲስ ቤት ይሄዳል። ዋጋው ፍሬሙ ላይ ተለጥፎ ይቀመጥ፤ ካልሆነ «ወንድምዬ ለኔ ስንት ነው?» ተብለህ ትርፉ ያልቃል። በነገራችን ላይ የንጉሡን ምስል ራስተፈሪያውያንም አጥብቀው ይፈልጉታል፤ ለእነሱም አንድ ፍሬም አዘጋጅ።

አሁን ወደ ሥራህና ወደ ባለቤትህ።

ሥራህን አትልቀቅ። ይህ ንግድ ዕቃ ፈልገህ በማግኘትህ ልክ ነው የሚያድገው፤ የጎሬ ፖስታ ደግሞ ፋብሪካ ደውለህ አታዝም። አንድ ወር ጥሩ ካርቶን ታገኛለህ፣ ሦስት ወር ምንም። የጤና ኢንሹራንስህም ከሆስፒታሉ ነው የሚመጣው። የሌሊት ፈረቃ ቀን ላይ ነፃ ያደርግሃል፤ ለዐውደ ርዕይና ለቤት ዕቃ ሽያጭ ከዚህ የሚመች ሥራ የለም። በኋላ የደንበኞችህ ዝርዝር ሲረዝም አንድ ፈረቃ መቀነስ ትችል ይሆናል፤ ያኔ ቁጥሩን ይዘህ ተነጋገሩ።

ቁጥር ስል፣ ባለቤትህ «ገንዘቡ የታለ?» ያለችው ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ ለመልሱም የምታሳያት ነገር ሊኖርህ ይገባል። ለቴምብሩ የተለየ የባንክ ሂሳብ ክፈት። ዕቃ የምትገዛው ከዚያ ብቻ ይሁን፤ ሂሳቡ ባዶ ከሆነ አትገዛም፣ በቃ። እያንዳንዱን ዕቃ ስንት ገዛሁት፣ ስንት ሸጥኩት፣ ስንት ወጣበት ብለህ መዝግብ። ለታክሱም ይጠቅምሃል። ኢቤይ 1099-ኬ የሚባለውን፣ የሽያጭህን ድምር የያዘውን የታክስ ፎርም ላከልህ አልላከልህ፣ ከወጪ ቀሪ ትርፍህን ማሳወቅ ግዴታህ ነው። ከአባትህ የወረስከውን ስትሸጥ ደግሞ ትርፍህ የሚሰላው እሳቸው በገዙበት ዋጋ አይደለም፤ ባረፉበት ቀን ከነበረው የገበያ ዋጋ ተነሥቶ ነው። ይህን ለታክስ ሠሪህ ንገረው፤ ካላነሣህለት ብዙዎቹ አይጠይቁህም።

ወረቀቱ ደግሞ ከሳሎን ይውጣ። አንድ ቁም ሣጥን ይበቃሃል፤ እሱ ሲሞላ ሳትሸጥ ሌላ አትግዛ። እዚህ ላይ ከባለቤትህ ጋር ነኝ።